የጾም ወተትና የወርቅ ቅንጣት

ጎንደር፣ ማራኪ ግቢ ውስጥ ያለችው ላቦራቶሪያችን በታመመ ኩላሊት ውስጥ የሚጠራቀመው ፕሮቲን ምን ዓይነት እንደሆነ ትለያለች። ከኩላሊቱ የተወሰደውን ቁራጭ ከፀጉር እጅግ አቅጥነን እንቆርጥና የጠረጠርነውን ፕሮቲን ፈልጎ የሚይዝ፣ ከፍየል ደም የተገኘ አንቲቦዲ እንጨምርበታለን። ቀጥሎ የፍየሉን አንቲቦዲ የሚያሳድድ፣ የወርቅ ቅንጣት የተሸከመ ሌላ አንቲቦዲ ይገባል። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስለሌለን ናሙናውን ራቅ ወዳለ ላቦራቶሪ እንልካለን፤ ፎቶው በኢሜይል ይመጣል። ወርቁ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ያረፈበት ቦታ መልሱ ነው።

የእኛ ነጥቦች ግን ያገኙበት ሁሉ ያርፉ ነበር። ወርቁ ያለቦታው እንዳይጣበቅ አስቀድመን ቁራጩን በዱቄት ወተት ብጥብጥ እንነክራለን። ወተቱን ባወፈርነው ቁጥር ጭራሽ ባሰበት። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም።

ያን ሰሞን የያዝነው ከመካነ ብርሃን ለሕክምና የመጡ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ የኩላሊት ቁራጭ ነበር። እግራቸው ላይ ለዓመታት የሚያመረቅዝ ቁስል አለ። ፕሮቲኑ የቁስሉ መዘዝ ከሆነ እዚሁ ጎንደር ይታከማሉ፤ ከአጥንት መቅኔ የመጣ ከሆነ ግን የካንሰር መድኃኒት ፍለጋ አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው። እሳቸው ቁርጡን ተናግረዋል፤ "አዲስ አበባ ካላችሁኝ አገሬ ገብቼ እሞታለሁ።" የቀረችን ቁራጭ ደግሞ ለአንድ ሙከራ ብቻ የምትበቃ ነበረች።

ወተቱ አልቆ ስለነበር ከቅዳሴ ስመለስ ነጠላዬን እንደለበስኩ ሱቅ ገባሁና "ዱቄት ወተት፣ ቅባት የሌለው" አልኩ። ባለሱቁ የሰጠኝን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ሮጥኩ። ቁራጯን የቁስሉን ፕሮቲን በሚፈልገው አንቲቦዲ አዘጋጅተን ላክናት። ከላክናት በኋላ ኃላፊያችን የወተቱን እሽግ አንስተው አገላበጡት።

"ልጄ፣ ይኼ እኮ የጾም ወተት ነው። አኩሪ አተር።"

እሳት ጎርሼ ሱቁ ተመለስኩ።

"ወተት አይደል ያልኩህ?"

"ምነው እህቴ፣ በሁዳዴ ወተት የምትጠጪ አልመሰልሽኝም።"

"ለኩላሊት ነው የፈለግሁት።"

"ለሕመም ከሆነማ ይፈቀዳል፤ የንስሐ አባትሽን አማክሪ" አለኝ፣ ከልቡ አዝኖልኝ።

ፎቶው ሲመጣ ማየት ፈርቼ ኃላፊያችንን አስቀደምኩ። ፎቶውን አጉልተው አዩና ሳቃቸው መጣ። ነጥቦቹ በፕሮቲኑ ክሮች ላይ ብቻ ተደርድረዋል፤ ሌላው ቦታ ንጹሕ ነው። ለካ ላምና ፍየል ዘመዳሞች ናቸውና ወተቱ ውስጥ ያለው የላም አንቲቦዲ ወርቅ ተሸካሚውን ሲያታልለው ኖሯል። አኩሪ አተር ከላም ጋር ምን ዝምድና አለው? በሁዳዴ ልቤ ቅቤ ጠጣ። በኋላ በሌሎች ሰዎች ቁራጭ ደጋግመን አረጋገጥነው፤ ዛሬም የምንነክረው በጾም ወተት ነው።

የተገኘው ከቁስሉ የሚመጣው ፕሮቲን ነበር። ሐኪሙ ለሽማግሌው ሊነግራቸው ሲገባ ተከትዬው ገባሁ፤ ሥራዬ አልነበረም፣ ግን ማን ይከለክለኛል።

"አያ፣ ሕክምናዎ እዚሁ ነው። ከእግርዎ እንጀምራለን" አላቸው።

ሽማግሌው ሐኪሙን ትክ ብለው አዩት። እንባዬ ስለቀደመኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ፊቴን ስመልስ ጋቢያቸውን ገልጠው እግራቸውን አልጋው ላይ ዘርግተዋል።

"ሸጋ ነው። በል እንግዲህ ጀምር፣ ምን ትጠብቃለህ?"