ለሽምግልና የተላከችው ሳይክል

አሮጌ ሳይክል ማደስ ትዕግሥት ያስተምራል የሚሉ ሰዎች አሮጌ ሳይክል አድሰው አያውቁም። እኔ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ባለው ግቢዬ ውስጥ ስፈታና ስገጥም ኖሬ የተማርኩት ነገር ቢኖር ስድብ ነው። የዛገ ዳዶ ላምባ ተቀብቶ፣ ተለምኖ፣ ተቀጥቅጦ አልፈታ ሲለኝ በአማርኛ እጀምራለሁ፣ በኦሮምኛ አልፋለሁ፣ በሶማልኛ እጨርሳለሁ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና ታዳምጣለች። "ሶማልኛ ላይ ደርሷል፣ ምሳው ትንሽ ይቆይ" ትላለች።

በዚህ ሥራ አንድ እምነት አለኝ። ሳይክል ሲታደስ መጀመሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን መምሰል አለበት። ጥቁር ከነበረ ጥቁር፣ ደወሉ ብረት ከነበረ ብረት። ችግሩ የድሬ ሰው ያልተብለጨለጨ ነገር ሁሉ የተበላሸ ይመስለዋል። ባጃጆቻችንን ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት አያደክመኝም።

ጎረቤቴ ታይዋን ገበያ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው ሱቁን ለልጆቻቸው የተዉ የሶማሌ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ አዴር ይላቸዋል፣ አጎቴ እንደማለት ነው። ባለቤታቸውን ደግሞ ኤዶ፣ አክስቴ እንላቸዋለን። እዚህ ወረቀት ላይ አንቱ እላቸዋለሁ እንጂ ግቢ ውስጥ አዴርን አንተ ነው የምለው። እኛ ከተማ አንቱ የሚባለው የተኳረፉት ሰው ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አዴር ጎማዋ የተኛ፣ ሰንሰለቷ ዝጎ የደረቀ ጥቁር ሳይክል እየገፉ ገቡ።

"ወሪያ፣ ስማ፣ ይህችን አስነሳልኝ።"

"ምን ተገኘ አዴር?"

"ኤዶህ ሄደች። ዋሂል፣ እህቷ ጋ።"

ነገሩን ሰፈርተኛው ከእኔ በፊት ያውቀው ነበር። ኤዶ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ክሊኒክ ውሰደኝ ባሏቸው ቁጥር አዴር "ከበርጫ በኋላ" ይላሉ። በርጫው፣ ማለትም የጫት መቃሚያው ሰዓት፣ ሲያበቃ ክሊኒኩ ተዘግቷል። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሳምንቱም እንደዚያው። በመጨረሻ ኤዶ አንድ ከሰዓት ለብሰው በር ላይ ቆመው ጠበቁ፣ ጠበቁና አንድ ባጃጅ አስቆሙ። ባጃጁ የሄደው ወደ ክሊኒክ አልነበረም፤ ከከተማው ውጭ ወዳለችው ዋሂል የሚሄደው ሚኒባስ ወደሚቆምበት ነበር። በስልክ ሲለመኑ "የሚፈልገኝ ራሱ ይምጣ" ብለው ዘጉት።

አዴር ሙሽራ በነበሩ ጊዜ በዚህች ሳይክል የኋላ መጫኛ ላይ ኤዶን አስቀምጠው በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ያንሸራሽሯቸው ነበር። አሁንም ያችኑ ሳይክል ይዘው ሄደው ሊያመጧቸው አስበዋል።

"እምቢ ካለችስ?" አልኳቸው።

የተኛውን ጎማ በእግራቸው ነካ አደረጉት። "እምቢ ካለች ያን ቤት ብቻዬን ምን ላደርገው ነው?" አሉ፣ ቀስ ብለው። ወዲያው መፍቻ አነሳሁ።

መቼም ራሴን ማወደስ አልወድም፣ ግን አሳምሬ ሠራኋት። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አራገፍኩ፣ የጎማዎቹን ካላማዳሪያ ቀየርኩ፣ ጥቁር ቀለም ቀባሁና በጎኗ ቀጭን የወርቅ መስመር በእጄ አሰመርኩባት። ቆማ ስትታይ ገና ከሳጥን የወጣች ትመስል ነበር። ስህተቱ ሰዓቱ ላይ ነው። የጨረስኩት ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ቀለሙ እንዲደርቅ ያቆምኳት ጎረቤቶቼ ጫት በሚቅሙበት ጥላ ሥር ነው።

ይህን ለማያውቅ ልንገር። ድሬ ላይ የባልና ሚስት እርቅ የሁሉም ጉዳይ ነው፤ እጁን ያላስገባ ሰው እርቁን ያልወደደ ይባላል። በምርቃና ሰዓት ደግሞ መጥፎ ሐሳብ የሚባል ነገር የለም።

ከቃሚዎቹ መጀመሪያ የተናገረው አንዱ ባጃጅ ነጂ ነው። "ኤዶን እዚህ ብረት ላይ ልታስቀምጧት? አቦ እፈሩ!" በማግስቱ የባጃጅ መቀመጫ ይዞ መጣና የኋላ መጫኛው ላይ አሰረው። ልብስ ሰፊው ቀይ ከፋይ አለበሰው፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ አንጠለጠለበት። "ሙሽራ ከፍ ብላ ነው የምትቀመጠው" ተባለና ከሥሩ ሌላ ስፖንጅ ገባ። ሬዲዮ ጠጋኙ ከታይዋን የሚብለጨለጩ መብራቶችና የሶማልኛ የሰርግ ዘፈን የተጫነበት ስፒከር አመጣ። አንዱ አራት መስታወት ይዞ ብቅ አለ።

"አራት ለምን?" ብዬ ጮህኩ።

"ሁለቱ ኋላን ለማየት፣ ሁለቱ ለውበት።"

የወርቅ መስመሬ በዘርፉ ሲሸፈን እያየሁ አንጀቴ ተቃጠለ። በሦስቱም ቋንቋ ተሳደብኩ። ጥሩ ጥሩውን ቀንበጥ መርጠው ሰጡኝ፣ ቁጭ በል አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ምርቃናው ሲመጣ የጃንጥላውን መያዣ ያሰብኩት እኔ ነኝ። አሁንም ቢሆን የጃንጥላው ሐሳብ መጥፎ አልነበረም እላለሁ።

የመንገዱ ቀን አዴር ሽቶ ተቀብተው፣ አዲስ ሽርጥ አገልድመው ወጡ። ገና ኮርቻው ላይ ሲወጡ ሳይክሏ ከኋላ በኩል ክብደት በዝቶባት የፊት ጎማዋን ወደ ሰማይ አነሳች። አዴር ወደ ኋላ ተንሸራተው ቀዩ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። "ምቹ ነው" አሉ፣ ደንግጠው።

ስለዚህ ሳይክሏ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሄደች። እኛ ሁላችን ከሥር ተሳፈርን። መንገድ ላይ አንድ ግመል ነጂ ግመሎቹ በመስታወቱ ብልጭታ በርግገውበት ሲሳደብ ሰማሁት። የስድብ ሰው ስለሆንኩ አደነቅኩት።

ዋሂል ስንደርስ አወረድናት። የመጨረሻውን መንገድ አዴር ኮርቻው ላይ ሆነው፣ እኛ መሪውን ወደ ታች ተጭነን፣ ሰርገኛ መስለን ገባን። በዚያ ፀሐይ መብራቱ አይታይም፣ ዘፈኑ ግን ይሰማል። ኤዶ የእህታቸውን በር መቃን ይዘው ወጡ። አዩን። ሊቆጡ አስበው ነበር፣ ግን ሳቅ አመለጣቸውና በሻሻቸው አፋቸውን ሸፈኑ። "አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ!" አለ ባጃጅ ነጂው በጆሮዬ።

አዴር መስታወቶቹን ቆጥረው አሳዩዋቸው፣ ጃንጥላውን ዘረጉ፣ ከፋዩን በእጃቸው ጠረጉ። "ነይ፣ ውጪበት" አሉ።

ኤዶ ቀረብ ብለው ዘርፉን ዳበሱ። መቀመጫውን ያዙና አንድ እግራቸውን አነሱ። አልደረሰም። በሌላኛው ሞከሩ፣ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ፊታቸው ጭምድድ አለና መለሱት። መቀመጫው ደረታቸው ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ስፖንጅ በስፖንጅ ላይ ስንደርብ ከመካከላችን አንድም ሰው ጉልበታቸውን አላሰበም።

"በርጩማ አምጡ" አለ አንዱ። "እንሸከማት" አለ ሌላው።

"እኔ ከቤቴ የወጣሁት በምን ምክንያት እንደሆነ ረሳችሁት?" አሉ ኤዶ።

ሬዲዮ ጠጋኙ ዘፈኑን ሊያጠፋ ሲነካካ ይበልጥ አስጮኸው። ያች ስፒከር ስለ ሙሽራ ውበት እየለፈለፈች ሁላችንም አፈር አፈሩን አየን። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ኤዶ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። በቃ፣ ቀረች አልኩ በልቤ።

አዴር ከሳይክሏ ወረዱ። አዲሱ ሽርጥ ይቆሽሻል አላሉም፣ በሩ ላይ ደርሰው ኤዶ እግር ሥር አቧራው ላይ ቁጭ አሉ።

"የትኛው ነው የሚያምሽ?"

ኤዶ ቁልቁል አዩዋቸው። "ይህን ሁሉ ጊዜ የትኛው እንደሆነ አታውቅም ነበር?"

"አላውቅም ነበር።"

"ቀኙ ነው።"

"ቀኙ ነው" ብለው አዴር ወደኛ ዞረው ነገሩን፣ የጠየቅናቸው ይመስል።

የሚኒባሱ ሹፌር ጥሩምባውን ነፋ። የበርጫ ሰዓት እየደረሰ ነው፣ ካልፈጠንን በመንገድ ሊያልፍብን ነው። ሁላችንም አዴርን አየን።

"ሂዱ" አሉ ሳይነሱ።

"በርጫውስ አዴር?"

"ሂዱ አልኳችሁ!" ከዚያ በሩ ላይ ብቅ ወዳሉት የኤዶ እህት ቀና ብለው ጤና ጣቢያው በየት በኩል እንደሆነና እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሚቆይ ጠየቁ።

ያን ቀን ኤዶ ከእኛ ጋር አልተመለሱም። አዴርም አልተመለሱም።