ሁሉንም «አዎ» ያልኩበት ፎርም

ግሌንዴል፣ ከንጋቱ 11፡40

ሰዓት የምቆጥረው አሁንም እንደ አገራችን ነው፤ የዴንቨር አንባቢ ለራሱ ያስላ። ከአፓርታማዬ ስወጣ ገና አልነጋም። የመኪናዬን መስታወት አመዳይ ይዞታል፤ ሞተሩን አስነስቼ እስኪሟሟ ሻዬን ጠጣሁ። ጉዞው ሩቅ አይደለም፤ መጀመሪያ አውሮራ፣ ከዚያ ዴንቨር፣ ከዚያ ተመልሶ አውሮራ። ሰው ሳመላልስ በቀን የዚህን ሦስት እጥፍ እነዳለሁ። ዛሬ ግን ስገላበጥ ነው ያደርኩት።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። እዚህ ያለው የአገሬ ሰው እኔን የሚያውቀኝ በፎርም ነው። ግሪን ካርድ፣ ዜግነት፣ ኢንሹራንስ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ምንም ይሁን ምን «ለጋሽ በቀለ ውሰዱለት» ይባላል። የዛሬ ዓመት ግድም ሰናይት የምትባል፣ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ እናት፣ የሕፃናት ሐኪም የሰጣትን መጠይቅ ይዛ መጣች። ልጇ ሶልያና ያኔ ዓመት ከስድስት ወሯ ነበር። «ስሟ ሲጠራ ትዞራለች?» የሚለው ላይ ስንደርስ ሰናይት ትንሽ አሰብ አድርጋ «ኧረ ብዙም አትዞርም» አለችኝ።

«ፋይል ላይ የገባ ነገር አይወጣም» አልኳት። «ጥርጣሬ የሚያስነሳ ነገር አንጽፍም።»

ለኢሚግሬሽን የተማርኩትን ብልሃት ለሐኪም አዋልኩት ማለት ነው። ሁሉንም «አዎ» ብዬ ሞላሁ፤ ፈርማ ወሰደችው። ሐኪሙም ፎርሙን አይቶ ልጅቷ ደህና ናት አለ። ሶልያና አሁን ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆኗታል፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። ዛሬ እሷንና እናቷን ዴንቨር ለምርመራ የማደርሳቸው እኔ ነኝ።

አውሮራ፣ 12፡35

የሊትስዴልን መንገድ ጨርሼ ፓርከር መንገድ ስደርስ ሰማዩ ወገግ አለ። ሰናይት ከሌሊት ሥራ ገና መመለሷ ነው፤ ሰማያዊ የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። ባሏ ልጅቷን መኪናዬ ውስጥ ካርሲት፣ የሕፃን መቀመጫ ላይ አስሮ ወደ ሆቴል ሥራው ሮጠ። ቀበቶው ጠቅ ሲል ሶልያና ጩኸቷን ለቀቀችው። ጭንቅላቷን ከመቀመጫው ጋር ታጋጫለች፤ እናቷ መሀል ላይ እጇን አስገብታ ምቱን ትቀበላለች።

የቀረውን አመዳይ ልጠርግ ብዬ ዋይፐሩን ከፈትኩ። ጩኸቱ ቀጥ አለ። በኋላ ማሳያው መስታወት አየኋት፤ ዓይኗ ከዋይፐሩ ጋር ወዲህና ወዲያ ይላል። የፊቱ መስታወት ሲጠራ ዋይፐሩን ዘጋሁት፤ እንደገና ጮኸች።

«አይዝጉት ጋሼ!» አለች ሰናይት። «እባክዎ፣ እንደዚያው ይሁን።»

ኮልፋክስ፣ 1፡10

እንደዚያው ሆነ። ፀሐይ ከኋላችን፣ በረዶ የለበሱት ተራሮች ከፊታችን፣ ጠብታ ዝናብ የለም፤ እኔ በደረቅ መስታወት ላይ ዋይፐር እያፋጨሁ በኮልፋክስ ጎዳና ወደ ምዕራብ እነዳለሁ። አውቶቡስ ጠባቂዎች ያዩናል። ቀይ መብራት ላይ አጠገቤ የቆመ ሰውዬ በጣቱ ሰማዩን አሳየኝና ትከሻውን ሰበቀ። ሰናይት ሳቀች፤ ጠዋቱን ሁሉ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ነዳጅ ማደያ ቆሜ የመስታወት ማጠቢያ ውሃ ገዛሁ፤ የራሴ ጨርሶ አልቆ ነበር።

«አማቴ በስልክ ‹አባቷም ዘግይቶ ነው አፍ የፈታው፣ ተያት› ትለኛለች» አለች ሰናይት። «እኔም እሱን ይዤ ቆየሁ። ይሄን የምርመራ ቀጠሮ ራሱ ስንት ወር ጠበቅነው። ሦስት ዓመት ከሞላት ደግሞ ቤት ድረስ መጥተው የሚያግዙት አይመጡም አሉኝ፤ ወደ ስኩል ዲስትሪክት፣ ወደ ትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር ነው የምትዞረው።»

አምስት ወር ቀርቷታል። በሆዴ ያባከንኩባትን ወራት ቆጠርኩ፤ ከዚያ ይበልጣል።

ዴንቨር፣ 2 ሰዓት

የልጆች እድገት መርማሪዋ ወጣት ሴት ናት፤ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ የሳሙና አረፋ ትነፋለች። ሶልያና ከአረፋው ይልቅ የጠርሙሱን ክዳን ታሽከረክራለች። አስተርጓሚዋ በስልክ ነው ያለችው፤ እኔ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል ከተጫወቱ በኋላ መርማሪዋ ኮምፒውተሯን ከፈተች።

«ባለፈው ዓመት መጠይቅ ላይ በጣቷ ታሳያለች፣ ስትጠራ ትዞራለች ይላል። ታዲያ ይሄን ሁሉ መቼ ነው ያጣችው? ታማ ነበር? ወድቃ ነበር?»

ሰናይት ጫማዋን አየች። አስተርጓሚዋ ጥያቄውን ደገመችው። እኔ ዘግይቶ ነው የገባኝ። የአባቷን እኩያ፣ እኔን፣ ፊት ለፊት ላለማሳጣት ብላ የልጇን ጉዳይ ዝም ልትልበት ነው።

«እኔ ነኝ የሞላሁት» አልኩ። «እናትየዋ እውነቱን ነግራኛለች። እኔ ነኝ አይጻፍ ያልኩት።»

«ስለዚህ ያጣችው ነገር የለም?»

«የለም። መጀመሪያም አልነበራትም።»

መርማሪዋ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። «አሁን መንገርዎ ጥሩ ነው» አለችኝ፤ «የሌለ ነገር ፍለጋ ልሄድ ነበር።» ከዚያ ወደ ሰናይት ዞራ ኦቲዝም መሆኑን ነገረቻት። የማንም ጥፋት እንዳልሆነ፣ ቤት ለቤት ድጋፉ እንዲጀመር ማመልከቻውን ዛሬውኑ እንደምትልከው፣ የምንሞላው አንድ ፎርም ብቻ እንደቀረ አስረዳቻት። ሰናይት አሳንሰር ውስጥ እስክንገባ አላለቀሰችም።

አውሮራ፣ 6 ሰዓት

ስንመለስም ዋይፐሩ አልቆመም። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ሰናይት ቀደመችኝ። «እኔም ፈርሜያለሁ ጋሼ። አብረን ነው ያጠፋነው። አሁን ፎርሙን እንጨርስ።»

አፓርታማቸው ፓርኪንግ ላይ ሞተሩን ሳጠፋ ዋይፐሩም ቆመ። ሰናይት ወደ ፊት ወንበር መጥታ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ እኔ መሪው ላይ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ስትጠራ ትዞራለች? አትዞርም። በጣቷ ታሳያለች? አታሳይም። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እንዳለችው እጽፋለሁ። መጨረሻው ላይ ምልክት የሚደረግበት ሳጥን የሌለው፣ ባዶ መስመር ብቻ ያለው ጥያቄ መጣ፦ ልጅዎ የምትፈልገውን እንዴት ታስታውቃለች?

ሰናይት ለመመለስ ስታስብ ትንሽ ትኩስ እጅ አንጓዬን ያዘ። ሶልያና ነች። አታየኝም፤ ዓይኗ መስታወቱ ላይ ነው። እስክሪብቶ የያዘ እጄን ጎትታ፣ ወረቀቱ ላይ ረጅም ሰረዝ አስምራ፣ ዋይፐሩ ማብሪያ ላይ አስቀመጠችው።

ቁልፉን አዞርኩና ከፈትኩላት። ከዚያ ሰረዙን ሳልሰርዝ፣ ከሥሩ በትልልቁ ጻፍኩ፦ «የሰው እጅ ይዛ ወደምትፈልገው ነገር ትወስዳለች።» ፋይል ላይ የገባ ነገር አይወጣም።