እታገኝ ትርፍራፊ ፍለጋ

እታገኝ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ትርፍራፊ ሰጥታ አታውቅም። ሳክሰንሃውሰን በሚባል የጀርመን ከተማ ሰፈር ባለ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት ረዳት ሆና ስትቀጠር ግን እንጀራዋ በትርፍራፊ ላይ ተንጠለጠለ።

ባለቤቱ ጣሊያናዊ ቁርጡን ነገራት። የሙከራ ጊዜዋ ሐሙስ ያልቃል፤ ሪቦሊታ የሚባለውን የገበሬ ሾርባ አሳምራ ከሠራች ቋሚ ትሆናለች፣ አለዚያ ደህና ሰንብቺ። ሾርባው ቦሎቄ፣ ጥቁር ጎመንና የደረቀ ዳቦ ነው። ዳቦው ግን የግድ ከሰው ገበታ የተረፈ መሆን አለበት።

«ገዝተሽ ብታደርቂው ምላሴ ያውቅብሻል» አላት።

ከዚህ ምላስ ጋር ማን ይከራከራል! ምግብ ቤቱ የተረፈውን ሁሉ ዕለቱን ይደፋል። እሷ ደግሞ ዳቦ ሆዷን ስለሚነፋት ቤቷ አይገባም።

ሰኞ በምትኖርበት በሪደርቫልድ ሰፈር የጎረቤቶቿን በር አንኳኳች። ጡረተኛው መሐንዲስ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ክው አሉ።

«የተረፈ ዳቦ? ምነው ልጄ፣ እዚህ ደረስሽ?»

አስመራ ያደገችው ፍረወይኒ ደረቷን መታች። «ላንቺ የትናንት ዳቦ? ምን ሆኜ?»

በማግስቱ ሁለቱም ትኩስ ድፎ ተሸክመው ከች አሉ።

እታገኝ ማልቀስ ቃጣት። ከዚያ አንድ ዘዴ መጣላት፤ ዳቦውን ቆርሳ አቀረበችላቸው። ሰው ፊት ቀርቦ ከተረፈ ትርፍራፊ ነው!

«በልቼ ነው የመጣሁት» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ።

«እኔም ጠግቤያለሁ» አለች ፍረወይኒ።

ወጉ ይታወቃል፤ ጋባዧ ሦስት ጊዜ «በሞቴ» ትላለች፣ እንግዳው እያጉረመረመ ይበላል። እታገኝ ግን ዳቦው እንዲተርፍ ከንፈሯን ነክሳ «በሞቴ»ን ዋጠችው። ሽማግሌው ዳቦውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ጣራውን አዩ። የፍረወይኒ ሆድ ጮኸ። ሐፍረቱ እታገኝን ሊገድላት ነው፣ ግን ጸናች። እንግዶቿ እንደራባቸው ወጡ።

ሐሙስ ጣሊያናዊው አንድ ማንኪያ ቀምሶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይህ ሰው እየጎመጀ የተወው ዳቦ ነው!» ብሎ ፌርትራጉን፣ የሥራ ውሏን፣ ፈረመላት።

ደስታዋ ከትራም እስክትወርድ እንኳ አልቆየም፤ እንደራባቸው የሸኘቻቸው ጎረቤቶቿ ትዝ አሏት። የተረፈውን ሾርባ በድስት ይዛ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ቤት ሄደች። ፍረወይኒም እዚያው ነበረች፤ ሲያሟት እንደ ቆዩ ፊታቸው ያስታውቃል።

«ፌርትራግ አገኘሁ። ሾርባው ከእናንተ ዳቦ ነው» አለች።

«በልተናል» አሉ ሽማግሌው ፊታቸውን አዙረው።

«በሞቴ!» ብላ ጮኸች እታገኝ። «በሞቴ! አፈር ስሆን!»

ሽማግሌው ሳህን አነሱ።

«ከማክሰኞ ጀምሮ እኮ ይህችን ቃል ነው የምንጠብቀው» አሉ።