አባቴ በአብራሪ ሰዓት የዳኘው የፈረስ ሩጫ

ታላቅ ወንድሜ አውሮፕላን አብራሪ ነው። አምና ለጥምቀት ወደ መንደራችን ቁሐር ሚካኤል ሲመጣ፣ ከእጁ ፈትቶ ለአባታችን የሰጠው ሰዓት ዋጋው ስንት እንደሆነ እስካሁን አልነገረንም። ጥቁር፣ ከባድ፣ በጎኑ ቁልፎች ያሉት የአብራሪዎች ሰዓት ነው። ዋናዎቹ ቀስቶች የእኛን ሰዓት ያሳያሉ፤ ጫፏ ቀይ የሆነችው ቀስት ደግሞ ወንድሜ ዘወትር የሚበርበትን አገር ሰዓት ትናገራለች። ላይኛውን ቁልፍ ሲጫኑት የሩጫ ጊዜ መቁጠር ይጀምራል፣ ዳግም ሲጫኑት ይቆማል።

አባቴ ሩዝ አራሽ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ጊዜን በፀሐይ ሲለካ የኖረ። ሰዓቱን ግን ወዲያው ለመደው። እናቴ ለወንድሜ ልትደውል ስልኩን ስታነሳ፣ ቀይዋን አይቶ «ተይው፣ እዚያ ገና አልነጋም» ይላታል።

በጥር ሚካኤል ፈረስ ይጋለባል። የአባቴ ሴት ፈረስ፣ ዳማዋ ባዝራ፣ እና ግንባረ ነጩ የጎረቤታችን ቦራ ፈረስ ሁልጊዜ አንገት ለአንገት ስለሚደርሱ፣ ክርክሩ እስከ ፋሲካ ይዘልቅ ነበር። ዘንድሮ ግን ሩዙ ከታጨደ በኋላ መሮጫው ሜዳ ጓያ ተዘርቶበት፣ የቀረው ለአንድ ፈረስ ብቻ የሚበቃ ጠባብ መንገድ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሩጫው ይቅር ሊሉ ሲሉ አባቴ እጅጌውን ሰበሰበና፣ «ፈረሶቹ በየተራ ይሩጡ፣ ይህ ሰዓት ይቆጥራል» አለ። ወንድሜ ዘንድሮ ሥራ ላይ ስለነበር አልመጣም፤ ከአባቴ በቀር ሰዓቱን ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም።

ጎረቤታችን አልተዋጠለትም። ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደቆሙት ቄስ ዞሮ «አባ፣ ሰዓቱም ባዝራዋም የእሱ፣ ዳኛውም እሱ ነው?» አላቸው።

ቄሱ ፈገግ አሉ። «በሚካኤል ደጅ ቆሞ የሚዋሽ አይመስለኝም።»

ዳማዋን የጋለብኩት እኔ ነበርኩ። እንደዚያ ቀን ሮጣም አታውቅ፤ ጆሮዬ ውስጥ ነፋሱ ሲያፏጭ ድሉ የእኛ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። ቀጥሎ ቦራው ሮጠ። ሕዝቡ አባቴን ከበበው። ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ሰዓቱን አየ።

«የእኔዋ ተቀድማለች» አለ። «ቦራው በልጧል።»

አንገቴን ደፋሁ። ማን ያውቅበት ነበር ብዬም አሰብኩ። ጎረቤታችን ግን ቦራውን ስቦ አመጣና፣ አባቴን «በል አያ፣ ውጣ» አለው። አባቴ እንቢ ቢልም ደግፈው አወጡት። ጎረቤታችን ልጓሙን ይዞ እየመራ፣ ሰው እየጨፈረ ከኋላ ተከትሎ፣ የተሸነፈው አባቴ እንደ ሙሽራ ቤቱ ገባ። ደጃፍ ላይ የጠበቀችን እናቴ ያሸነፍነው እኛ መስሏት እልልታዋን አቀለጠችው፤ ነገሩን ስነግራትም አላቋረጠችም።

በዚያው ሰሞን አባቴና ጎረቤታችን ወንዛዬ ወደሚባለው ፍል ውሃ አብረው ወረዱ። ሲመለሱ ዳማዋን ከቦራው ሊያዳቅሉ ተስማምተው ነበር። አሁን ሆዷ ገፍቷል። የሚወለደው ውርንጭላ የሁለቱም ቤት የጋራ ነው፤ የሚጋልበው ማን ይሁን የሚለው ላይ ግን ከወዲሁ ክርክር ጀምረዋል።