አያቴ አስቀድመው የቀመሱት ሥር

አያቴ ለታመመ ሰው ቅጠል ጨምቀው ሲሰጡ፣ «ቢስሚላህ» ብለው መጀመሪያ እሳቸው ይቀምሱ ነበር። በስልሳ ስድስቱ ረሃብ የቆቦ ቆላ ማሽላ ደርቆ ሲቀር፣ ሰው መድኃኒት መጠየቁን ትቶ የሚበላ አረም ይጠይቃቸው ጀመር። አንድ ቀን እናቴ ከወንዝ ዳር የማናውቀውን ሥር ቆፍራ አምጥታ ቀቀለችው። ታናሽ እህቴ እጇን ስትሰድ አያቴ ያዟት።

«ቆይ ልጄ፣ እኔ ልቅመሰው።»

«አባባ፣ ልጆቹ እየሞቱብኝ ነው» አለች እናቴ።

«አውቃለሁ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ታገሽኝ።»

አያቴ ከሥሩ ቀምሰው፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ አረፋ ደፍቀው ሞቱ። እናቴ ድስቱን ሜዳ ላይ ደፋችው። ሌላው የሰፈሩ ወንድ እህል ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ወጥቶ ስለነበር አባቴ መቃብሩን ብቻውን ቆፈረ። እኛም በማግስቱ ወደ ቆቦ ከተማ ወጥተን በእርዳታ እህል ተረፍን። ዛሬም በማሳዬ ዳር የማላውቀው አረም ሲበቅል የምጠይቀው ሰው የለኝም።