የተሸከመው ድንጋይ

ይህ የሆነው ካቻምና ከፋሲካ በኋላ፣ መሬቱ ለእርሻ ሲዘጋጅ ነው። እስካሁን ያልረሳሁት፣ ቂመኛ የሚሉኝ ሰዎች የዚያን ቀን ነገር ግማሹን ብቻ ስለሚያወሩ ነው።

የምኖረው ከአርብ ገበያ ከተማ ራቅ ብሎ ነው። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ታናሽ ወንድሙ ገረመው የገብስ ማሳዬን በየዓመቱ በትልም እየገፋ ይወስድብኝ ነበር። ባሌ ከወንዝ አምጥቶ ድንበሩ ላይ የተከለው ድንጋይ ነበረን፤ ጥቁር ሆኖ ወገቡን እንደ መቀነት ነጭ መስመር የዞረው። አንድ ክረምት ድንጋዩ ጠፋ። የነጩን መስመር ምልክት ተናግሬ ብከሰው፣ ገረመው በሽማግሌ ፊት «ድንጋይ የሚባል ኖሮም አያውቅ» ብሎ ማለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ይመር ደግሞ «አንች፣ ሐዘኑ ልብሽን አዞረው እንዴ?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። የበሬ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሮጦ መውጣት ሆነ ሥራዬ። ንፋስ መውጫ ከተማ የሚሠራው ልጄም «ልምጣና ልገላግልሽ» ይለኝ ጀመር። በድንበር ምክንያት ልጄ ነፍስ እንዳያጠፋ ወይም እንዳይሞትብኝ ፈራሁ። ለንስሐ አባቴ ለመምሬ አስረስ ነገርኳቸው።

«ዳዊት ሳኦልን ዋሻ ውስጥ አገኘው፤ አልገደለውም» አሉኝ። «ሳኦል አልቅሶ ልጄ ሲለውም ማረው። ግን አብሮት ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ወደ አምባው ወጣ እንጂ። አንችም ማሪው፤ አምባሽን ግን አትልቀቂ።»

ብዙም ሳይቆይ የገረመው ልጅ ሠርግ ደረሰ። ከወንድም ሚስት ተጣልቶ መደገስ ነውር ነውና ሽማግሌዎቹ እሑድ ጠዋት ሳያስበው ቤቱ ድረስ ሄደው፣ እንደ ዕርቅ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ምሕረት እንዲለምነኝ አስነሡት። በኋላ እንደሰማሁት፣ በጥድፊያ ልብ ሳይል ከጓሮው አጥር ሥር ያገኘውን ድንጋይ ነው ያነሣው። ከቅዳሴ ስንወጣ በአንገቱ ተሸክሞ ደጀ ሰላሙ ላይ ተንበረከከ።

«እትዬ፣ ስለ ማርያም ብለሽ ማሪኝ» አለ።

«አንሽለት እንጂ! እስከ ማታ ልታንበረክኪው ነው?» አሉ አቶ ይመር።

ላነሣለት ጎንበስ ስል ነጩን መቀነት አየሁት። «ሌባ!» ልል አፌን ከፈትኩ። መምሬ አስረስ ቆመው እያዩኝ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።

በወጉ ድንጋዩን አንሥቼ መሬት መጣል ነበረብኝ። አልጣልኩትም። ደረቴ ላይ አቅፌ ያዝኩት።

«ምሬሃለሁ፣ ገረመው» አልኩ። «ይህ ድንጋይ ግን ቦታ አለው። አቶ ይመር፣ እርስዎም ይዩት። ኑና እናድርሰው።»

አቶ ይመር ድንጋዩን አዩ፣ ገረመውን አዩ። ገረመው ከተንበረከከበት ቀና ማለት አቃተው። «በል፣ ቦታውን አንተው አሳየን» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ተከታትለን ማሳው ድረስ ሄድን። ገረመው በገዛ እጁ ቆፍሮ ተከለው። ተሳሳምን። ወዲያው ፊቱን አብርቶ «እንግዲህ ቤት ግቢ፣ እትዬ፤ ጠላው ደርሷል። ዘንድሮ መሬትሽንም እኔው አርስልሻለሁ» አለኝ።

«እግዜር ይስጥህ፤ የሚያርስልኝ ሰው አለኝ» ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ቂመኛ የተባልኩት ለዚህ ነው፤ ሠርጉ ላይ አልበላችም ተብዬ።

ምሬዋለሁ። ልጄ በሰላም ሥራው ላይ አለ፤ ከገረመው ጋርም መንገድ ላይ እንሳሳማለን። አቶ ይመር ግን ስላዋረዱኝ ቃል አንድ ቀን እንኳ አላነሡልኝም፤ እኔም አልለምናቸውም።

ልቤ አርፏል ብዬ አልዋሽም። ጠዋት ከቤቴ ስወጣ፣ ፊቴን ሳላማትብ በፊት ዓይኔ የሚፈልገው ያንን ነጭ መቀነት ነው።