በጀሪካን የመጣው ባሕር

ባሕር አይቻለሁ። ያላዩት ሰዎች ሲያወሩለት እሰማለሁና ያየሁትን ልናገር፤ ብዙም የሚታይ ነገር የለውም።

መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ የምጽዋ መንገድ ገና ሳይዘጋ ነው። ያን ጊዜ እኔ ላሊበላ ለሚመጣ እንግዳ በቅሎ አከራይ ነበር። አንድ ፈረንጅ ከሚስቱ ጋር ቤት የሆነ መኪና ይዞ መጣ። ውስጡ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መጸዳጃም አለው፤ ሦስቱም አንድ ጥግ ላይ ተደራርበዋል። ድመት እንኳ ከምትተኛበት ራቅ ብላ ነው የምትቀብረው። ሰውየው በንጉሡ ዘመን አገራችን ያስተምር ስለነበር አማርኛ ይችላል፤ ብቻ ሽበቴን እያየ «አንተ» ይለኛል። ክረምቱ መንገዱን ጭቃ ሲያደርግበት መኪናውን ግቢዬ አቆመና መንገዱ እስኪደርቅ ድረስ ጠበቅሁለት።

በዚያ ሰሞን የባለቤቴን እጅ ችፌ ይዞት ነበር። መዳፏ ተሰነጣጥቆ እንዝርት መያዝ አቃታት። እርሷ ደግሞ ስትሞት የምትገነዝበትን ኩታ በገዛ እጇ ፈትላ ለማሠራት ቆርጣ፣ ግማሹን ክር አዘጋጅታ ነበር። «የሰው ክር ለብሼ አምላኬ ፊት አልቀርብም» ትላለች። ነአኩቶ ለአብ ገዳም ዋሻው ውስጥ የሚንጠባጠበውን ጠበል ሁለት ጊዜ ሰባት ሰባት ቀን ተጠመቀች። ቀኑ አልደረሰም ብለን ተመለስን።

ፈረንጁ እጇን አየና «የባሕር ጨው ለቆዳ ጥሩ ነው። እኛ ምጽዋ እንሄዳለን፤ ሁለታችሁም ኑ» አለ።

«እኔ ቆርቆሮ ውስጥ ተጭኜ የትም አልሄድም» አለች ባለቤቴ። «እርስዎ ይሂዱና ያምጡልኝ።»

ሄድሁ። በጋሸና ወጥተን፣ በወልድያ አድርገን፣ ወደ ሰሜን ቀናን። መንገድ ላይ ሲመሽ ሰው ያለበትን መንደር እያለፉ ባዶ ሜዳ ላይ ይቆማሉ። «ምነው ሰው ቤት እንግድነት ብንጠይቅ?» አልኩት። «ቤታችን ከእኛ ጋር ነው» አለ። ኤሊም እንዲሁ ናት። ከአስመራ ወዲያ ገደሉን ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ሲከፈትልኝ የሰማሁት ንፋስ ነው።

ምጽዋ ውኃ የከበባት ከተማ ናት፤ በተደለደለ መንገድ ነው የሚገባባት። ንፋሱ ቀንም ሌትም አያባራም። እኛ ላስታ ገብሱን አውድማ ላይ ከምረን፣ መንሽ ተደግፈን፣ ንፋስ እንዲመጣልን ስንለምን እንውላለን። እዚያ እፍኝ ገለባ እንኳ በሌለበት ያን ሁሉ ንፋስ ያባክኑታል። አሸዋ አንስቶ ሰው ዓይን ውስጥ ከመጨመር በቀር ሥራ የለውም። እሱም ቢሆን ትኩስ ነው፣ ከምጣድ ላይ የተነሣ ይመስል።

ባልና ሚስቱ ምሳ በልተው፣ ራቁት ለመሆን ጥቂት ሲቀራቸው፣ እየተሳሳቁ ውኃው ገቡ። ወጥተው ደግሞ አሸዋው ላይ ተዘረሩ። እኛ ዘንድ ፀሐይ የሚሞቀው በሽተኛና እንሽላሊት ነው።

እኔ ወጉን አውቃለሁ። መድኃኒት የሆነ ውኃ በባዶ ሆድ ነው የሚቀዳው። ጎህ ሲቀድ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ አማተብሁና ሦስት እፍኝ ጠጣሁ። ወዲያው አስመለሰኝ። ደስ አለኝ፤ ጠበል ሲሠራ ያስመልሳልና። ፈረንጁ እየሮጠ መጣ።

«አንተ፣ ጠጣህ እንዴ? ባሕር አይጠጣም።»

«የማይጠጣ ከሆነ ይህን ያህል መከማቸቱ ለምንድን ነው?»



አምስት ሊትሯን ጀሪካን ሞላሁ፤ አፏን በነጭ ጨርቅ አሰርሁ። ጠበል መሬት አይነካም፤ ስለዚህ ከምድጃቸው በላይ ያለው ብረት ላይ ሰቀልኳት። ለምን እንደሰቀልኳት አልነገርኳቸውም። የተሰቀለ ውኃ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብሁም። ይኼ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም።

ስንመለስ ደጋው ላይ ቆምን። ረቡዕ ስለነበር እኔ እህል እስኪፈቀድ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ሴትዮዋ መኮረኒ ቀቀለች። ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ጎርሰው ተፉት፤ ከዚያ ሳቅ ተነሣ። ገብቼ ባይ ጀሪካኗ ወለሉ ላይ ቆማለች፤ ግማሽ ሆናለች።

«ይቅርታ» አለ ሰውየው፣ ከሳቅ ብዛት እንባውን እየጠረገ። «የምንጭ ውኃ መስሏት ነው። ግዴለም፣ ባሕር ብዙ ነው።»

«ባሕሩማ ብዙ ነው። የሚስቴን እጅ ነው የቀቀላችሁት።»

ሳቁን ዋጠ። በቋንቋቸው ነገራት፤ ፊቷ ቀላ። ተመልሰን እንቅዳ አሉኝ። ጠበል እፍኝም ቢሆን ይበቃል ብዬ እምቢ አልሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ንፋስ ሁለተኛ ማየት ጠልቼ ነው። እስከ ላሊበላ ድረስ ጀሪካኗን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድሁ። ወለል መንካቷን ግን ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

በማግሥቱ ጠዋት እህል ሳትቀምስ እጇን ነከረች። ስንጥቁ ሁሉ ሲቃጠል ከንፈሯን ነከሰች።

«ማቃጠሉ መሥራቱ ነው» አልኳት።

«ይሥራ» አለች።

በሦስተኛው ቀን መዳፏ ደማ። በአራተኛው ጀሪካኗን አንሥታ በረት ገባችና የቀረውን ገለባ ላይ አፈሰሰችው። ላሟ ገለባውን ጨርሳ ድንጋዩን ሳይቀር ላሰች።

«ያን ሁሉ አገር አቋርጠው የሄዱት ለላም አሞሌ ነው» አለችኝ። «አሞሌማ ፍላቂት ገበያ ነበረልዎ።»

እጇ ከዚያ ወዲያ እንዝርት አልያዘም። ስለዚህ እኔ ያዝሁት። በእኛ አገር ወንድ ይሸምናል እንጂ አይፈትልም፤ በር ዘግቼ ነው የተማርሁት። እርሷ አጠገቤ ተቀምጣ ታርመኛለች።

«ቀስ ይበሉ። በቅሎ አይደለም፣ አይጎትቱት።»

«የሰው ክር አልለብስም ብለሽ አልነበረም?»

«እርስዎን ማን ሰው አለዎት?» አለች።

ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። የእርሷን ቀጭን ክርና የእኔን ጎባጣ ክር ይዤ ሸማኔው ዘንድ ሄድሁ። የእኔን በጣቶቹ አሻሸው።

«ይህን የፈተለው ማን ነው?»

«ከምጽዋ የመጣ ነው» አልሁ።

«ነገሩ የባሕር አገር ሰው መፍተል አያውቅም።»

«ምንም አያውቁም» አልኩት።